«ትርፍ» የምትባለዋ ቃል

ተማሪዎቼ የነበራችሁ «አዋጅ ስታነቡ ከስሙ ጀምሩ» እያልኩ እንዳሰለቸኋችሁ አትረሱም። ዛሬ ምክንያቱን ልጻፈው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ የወጣ አዋጅ ነው። ልብ በሉ፤ «የግለሰብ ቤት» አላለም፣ «ትርፍ ቤት» ነው ያለው። በአማርኛችን ደግሞ ትርፍ ነገር ጠበቃ የለውም። ትርፍ የጫነ ታክሲ ይቀጣል፣ ትርፍ አንጀት ተቆርጦ ይጣላል። በዚያ ላይ ቃሉ የነጋዴውም ትርፍ ነው። ተከራይ ሆኖ ይሄን የሚቃወም ማን ነው? ኪራይም ቀነሰ፤ ትንሽ ለሚከፍለው እስከ ግማሽ ድረስ ወረደለት። ይሄ ቀላል እፎይታ አልነበረም።

ግን ስሙን እንደገና እንየው። «ትርፍ» የምትለዋ ቃል ያለችው ቤቱ ላይ ብቻ ነው። ቦታው ላይ የለችም። አንድ ጎጆ ብቻ የነበራቸው እናት ቤታቸው አልተነካም፤ ጎጆዋ የቆመችበት መሬት ግን ያለ ካሳ የመንግሥት ሆነ። ሁላችንም የምናየው የባለሀብቱን ሦስተኛ ቤት ስለነበር ይሄኛው ብዙም አልተወራም። የቤቶቹ ባለቤቶች ልጆች ግን እስከ ዛሬ «ትርፍ ቤታችን» አይሉም፤ «የተወረሰብን ቤት» ነው የሚሉት።

የዚያው ዓመት የካቲት 25 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም እንዲሁ ነው። ተማሪው ከ1957 ጀምሮ «መሬት ላራሹ» ሲል ኖሯል፤ አዲስ አበባም አዋጁን በታላቅ ሰልፍ ተቀበለችው። ጽሑፉ ግን መሬትን «የሕዝብ ሀብት» አደረገው። አራሹ እስከ 10 ሄክታር ይይዛል፣ መሸጥም በዕዳ ማስያዝም አይችልም። ጭሰኝነት መቅረቱ ትልቅ ድል ነው፣ አልክድም። ግን «ላራሹ» እና «የሕዝብ» አንድ ቃል አይደሉም።

ደርግ ወደቀ፤ መሬቱ ግን አልተመለሰም። በ1986 የሊዝ አዋጅ መጣ። በ1987 ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። እዚህ ለቡም ቤት የሠራ ሰው ስለ መሬቱ ሲጠየቅ «ይዞታዬ» ነው የሚለው።

ለውጥ ሁሉ ተንኮል ነው እያልኩ አይደለም። ለውጥ ሁሉ ግን ለመቃወም የሚያሳፍር ስም ይዞ ይመጣል። ስሙን ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማንን ነው የሚያሳየኝ? ማንንስ ይጋርድብኛል?

የ67ቱን አዋጅ የሚያስታውሱ ወላጆች ያሏችሁ፣ ያኔ ምን እንደተሰማቸው ጠይቃችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ተከራይ የነበሩትም፣ የተወረሰባቸውም።