የእጅ ባትሪና የተጠቃሚው ምክር

በለገጣፎ መንገድ ሌሊት የእጅ ባትሪ ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ ሠሪው ያላየውን የመሣሪያውን ጉድለት ያያል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዴቪድ ሚሴል የተባለ ፈልሳፊ ለእጅ ባትሪ የፈጠራ መብት ሲያገኝ ብርሃኑ ደካማ ነበር፤ የባትሪ ድንጋዩም ቶሎ ስለሚደክም ብልጭ እያደረጉ ያጠፉት ነበር። የኩባንያው ባለቤት ኮንራድ ሁበርት መብራቱን ለኒው ዮርክ ፖሊሶች አድሎ፣ የሰጡትን ምስክርነት ለገበያ አዋለው። ይህ ግን ምስጋና እንጂ ምክር አልነበረም።

ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2019 ግድም፣ የባትሪ ወዳጆች ሶፊርን ከተባለው የቻይና ፋብሪካ ጋር ተማክረው፣ ኤል ቲ 1 የተባለ፣ የብርሃኑ ቀለም እንደ ፍላጎት የሚለወጥ ፋኖስ አሠሩ።

እኛም ለሕዝብ የሚሆን ዕቃ ስናሠራ፣ በጨለማ የሚሄደውን ሰው አስቀድመን እንጠይቅ።