ባሕር የማያየው ወንዝ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የአዋሽን ጉዞ ልተርክላችሁ።

ዓባይ በረሃውን ሰንጥቆ ሜዲትራንያን ይገባል። አዋሽ ግን ባሕር አይቶ አያውቅም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ከጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ሲደርስ ጉዞው ያበቃል። ከአቤ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለም። ታዲያ ያ ሁሉ ውኃ የት ይገባል?

ከላይ ልጀምርላችሁ። ወሩ ሐምሌ ነው። ዓይን የማያየው የውኃ ተን ሽቅብ ወጥቶ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ደቃቅ ጠብታ ሆነ፤ ደመና ማለት ይኸው ነው። ጠብታው በኃይለኛ ነፋስ ወደ ላይ ተገፍቶ ሲረጋ በረዶ ሆኖ ወረደ፤ ማሳው ነጭ ለበሰ። በረዶው ፀሐይ ወጣች ብሎ ወዲያው አይጠፋም። 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚፈጀው ሙቀት፣ ያንኑ ያህል ውኃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ሊያሞቅ ይችላልና። እናም ቀስ በቀስ ይቀልጣል፤ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ጅረት፣ ጅረቱም ወንዝ ይሆናል።

አዋሽ ይወርዳል። አዲስ አበባን አቋርጦ የሚመጣው አቃቂ ይቀላቀለዋል። ቆቃ ግድብ ላይ ተኝቶ የመብራት ኃይል ይሰጣል፤ ወንጂንና መተሐራን አልፎ ሸንኮራ ያጠጣል፤ ከዚያ የአፋር ቆላ ይቀበለዋል። ከብቱም ግመሉም ሰዉም ይጠጣዋል፤ የተረፈው አቤ ይገባል።

ውኃ ለመትነን መፍላት አያሻውም፤ ከላይ ካለው ገጽ ዘወትር ጥቂት ጥቂት ያመልጣል። ነገር ግን ብዙ ሙቀት ይጠይቃል። 1 ኪሎ ውኃ ለማትነን የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከ5 እጥፍ ይበልጣል። የእንስራ ውኃ በጠራራ ፀሐይ የሚቀዘቅዘውም ለዚህ ነው፤ በሸክላው ሰርጎ የወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አፋር ላይ የሙቀት ችግር የለም። ስለዚህ አዋሽ ከአቤ ወደ ሰማይ ይሄዳል። መውጫው ሰማይ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። ሰማይ የሚወስደው ውኃውን ነው። ጨው አይተንም፤ ወንዙ ከድንጋይና ከአፈር አሟሙቶ ያመጣው ሁሉ አቤ ውስጥ ይቀራል። ሐይቁ ጨዋማ የሆነው በዚህ ነው። ያው ሕግ ለእኛም ይሠራል፦ ከፋብሪካ የሚለቀቀው ዝቃጭ፣ ከየቤቱ የሚደፋው ቆሻሻ፣ ፕላስቲኩ፣ ከደመናው ጋር አይነሣም። ከወንዙ ዳር ካለው አፈር፣ ከመስኖው ማሳ፣ ከሐይቁ ደለል ውስጥ ይከማቻል።

ውኃ በረዶም ሆነ፣ ፈሳሽም ሆነ፣ ተንም ሆነ፣ ያው ውኃ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። የጣልንበት ነገር ግን የትም አይሄድም። ብዙ ወንዝ ነውሩን ለባሕር ያስረክባል፤ አዋሽ የሚያስረክብለት ባሕር የለውም። አቃቂ ዳር የምትኖሩ ሁሉ፣ የምትደፉት ታች ያለው ወገናችን የሚጠጣው ነውና እጃችሁን ሰብስቡ።