ባለቤቱ የተለወጠ ድምፅ

ሮቢትን የማያውቅ አንባቢ፣ ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ ሲጓዝ አውቶቡሱ ብዙም ሳይቆይባት የሚያልፋትን ትንሽ ከተማ ያስብ። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ከፍታ፣ በመካከላቸው ማሽላ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ አለ። ዝናብ ከጣለ የራያ ሜዳ ራሱን ችሎ ሌላውን ይመግባል፤ ካልጣለ ሰው የቀረችውን ከብት ነድቶ ይሰደዳል። እኔ ልጅ በነበርኩበት በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው) አጎቴ በዚያች ከተማ ሻይ ቤት ነበረው። በሻይ ቤቱ ውስጥ ከማንቆርቆሪያው ይልቅ ደንበኛ የሚጠራለት አንድ ፊሊፕስ ሬዲዮ ነበር።

ሬዲዮው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት የቆዳ ልባስ ነበረው። የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ድንጋይ ደግሞ ውድ ነው፤ ስለዚህ አጎቴ ሲደክምበት አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣውና ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራበታል። ቀን ቀን ሬዲዮው ተሸፍኖ ይቀመጣል። ማታ፣ ከብት ገብቶ ሰው ሲሰበሰብ፣ አጎቴ ልባሱን ገልጦ መርፌውን በጥንቃቄ ያዞራል። መጀመሪያ ፉጨት፣ ቀጥሎ ዓረብኛ፣ ከዚያም የጠራ አማርኛ። ያ የጠራ አማርኛ ብሥራተ ወንጌል ነበር።

ከሚያዳምጡት መካከል አንድ የደብር ቄስና አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። ቄሱ ጣቢያውን «የሚሲዮን ሬዲዮ» ይሉታል። ስብከት ሲጀምር ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ደጅ ይወጣሉ፤ ነጋዴውም ተከትሏቸው ይወጣል። ሁለቱ ደጅ ላይ ቆመው ስለ እህል ዋጋ ይጫወታሉ። ዜናው ሲጀምር አጎቴ በመስኮት ይጠራቸዋል፤ ተመልሰው ቦታቸውን ይይዛሉ። ይህ ነገር ያን ጊዜ አላስገረመኝም። የሚገርመኝ አሁን ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ለመሆኑ ይህ ሬዲዮ የማን ነበር? ባለቤቱ ጽሕፈት ቤቱን በጄኔቭ ያደረገው የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ነው። በአዲስ አበባ የሬዲዮ ጣቢያ ለመትከል ከአንድ በላይ የሚሲዮን ድርጅት ፈቃድ ጠይቆ ነበር፤ ጃንሆይ ለሉተራኖቹ ሰጡ። ጣቢያው የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተመረቀ። የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ሲጉርድ አስኬ የሚባሉ ኖርዌያዊ ነበሩ። ማሠራጫው ከከተማው ወጣ ብሎ ገጃ ላይ ተተከለ፤ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ጉልበት ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት። ለዚያ ዘመን አፍሪካ ይህ ቀላል ጉልበት አይደለም። ከገጃ የሚነሣው ድምፅ በአማርኛ፣ በዓረብኛ፣ በስዋሂሊ፣ በፋርስኛ፣ በህንድ ቋንቋዎች፣ በማላጋሲ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ከማዳጋስካር እስከ እስያ ይሰማ ነበር። በየአገሩ ያሉ ስቱዲዮዎች ዝግጅቱን በየቋንቋቸው ቀርጸው ይልካሉ፤ አዲስ አበባ ያሠራጫል።

የጣቢያው መሪዎች ከያዙት መመሪያ አንዱ ከአየር ሰዓቱ ሢሶ የሚሆነው ለስብከት፣ የቀረው ለዜና፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለእርሻና ለሙዚቃ እንዲውል ነው። እንግዲህ ቄሱና ነጋዴው ከሢሶው ወጥተው ወደ ቀሪው የሚመለሱት ይህን መመሪያ ሳያውቁ ነበር ማለት ነው። ስብከት ብቻ ቢሆን ኖሮ የራያ ሰው ድንጋዩን አያቃጥልለትም ነበር።

ባለቤትነት መለዋወጥ ለሬዲዮ ጣቢያ አዲስ ነገር አልነበረም። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ ከአቃቂ ጣቢያ ለዓለም ተናግረው ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ከእኛ በስተ ሰሜን ማይጨው ላይ ጦሩ ተፈታ፤ አዲስ አበባም በሚያዝያ ማለቂያ ላይ ተያዘች፤ ጣልያንም በራሱ ድምፅ መናገር ጀመረ። በ1933 ነፃነት ሲመለስ ሬዲዮም ለባለ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል የሬዲዮ ባለቤት ማለት መንግሥት ማለት ነበር። ብሥራተ ወንጌል ይህን የሰበረ የመጀመሪያው ትልቅ ጣቢያ ነው ብል አላጋነንኩም።

ነገር ግን መልአክ አድርጌ ልሥለው አልፈልግም። የቆመው በንጉሡ መልካም ፈቃድ ነው፤ በአገር ውስጥ ፖለቲካ ረገድ ጥንቁቅ ነበር። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ሲገባና የራያ ሰው በአውራ ጎዳናው ዳር ሲወድቅ የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ሸፋፈነው። የዚያን ጊዜ ሕፃን ነበርኩ፤ ግን በጎዳናው የሚያልፉትን ሰዎች አልረሳሁም። የእንግሊዝ ሕዝብ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀውን ፊልም በጥቅምት 1966 በቴሌቪዥን አየ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ታየ። ሮቢት ውስጥ ቴሌቪዥን አልነበረም። ስለ እኛ የተሠራውን ፊልም ያላየነው እኛ ነበርን።

አሁን ወደ ደብዳቤዬ ልምጣ። በ1969 ዓ.ም. አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አድማጮች ለብሥራተ ወንጌል ደብዳቤ እንደሚጽፉ እሰማ ስለነበር አንድ ጥያቄ አዘጋጀሁ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ድምፃችሁ ወደ እኛ አገር የሚመጣው ተራራውን ዞሮ ነው ወይስ በላዩ አልፎ? (መልሱን ያገኘሁት ብዙ ቆይቶ በትምህርት ቤት ነው። የአጭር ሞገድ ድምፅ ወደ ላይኛው ሰማይ ይወጣና በኤሌክትሪክ ከተሞላው የአየር ክፍል ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል፤ ተራራ አያግደውም። ማታ ከቀን የተሻለ የሚሰማውም ያ የአየር ክፍል ከፀሐይ ጋር ስለሚለዋወጥ ነው።) ደብዳቤውን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገለበጥኩት። ወደ ቆቦ የሚሄድ ሰው ፖስታ ቤት እንዲያደርስልኝ እየጠበቅሁ ሳለ መጋቢት ሆነ።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በዚያ ቀን ወታደሮች ጣቢያውን ያዙት፤ ብሥራተ ወንጌል ተወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። አጋጣሚ አይደለም። ባንኩና ኢንሹራንሱ በ1967 መጀመሪያ፣ የገጠር መሬት በየካቲት፣ የከተማ ቤት በሐምሌ ተወርሰዋል። ጥር 26 ቀን 1969 መንግሥቱ ተቀናቃኞቻቸውን አስወግደው ብቻቸውን ከላይ ወጡ። ከዚያ አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው ጣቢያው የተያዘው፤ በሚያዝያ ደግሞ አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ እንዲዘጋ ታዘዘ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ መቋዲሾ የሚነዛውን የሚመልስ ጉልበት ያለው ማሠራጫ አስፈላጊ ነበርና ገጃ ላይ የተተከለው የሉተራኖቹ ብረት የጦርነት መሣሪያ ሆነ። የእስያና የአፍሪካ ቋንቋዎች በአንድ ቀን ከዚያ ሰማይ ወረዱ። በህንድ አንድ መንደር ውስጥ መርፌውን እዚያው ቦታ ላይ ያደረገ ሰው በዚያ ምሽት ምን ሰምቶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

በሮቢት የሰማነውን ግን እነግራችኋለሁ። አጎቴ እንደ ልማዱ መርፌውን አዞረ። ቦታው ያው፣ ጥራቱም ያው ነው። የተለወጠው ድምፁ ነው። የሰልፍ ሙዚቃ፣ መፈክር፣ መግለጫ። የምናውቃቸው ዝግጅቶች የሉም። ቄሱ እንደ ስብከቱ ሰዓት ነጠላቸውን አስተካክለው ሊነሡ ሲሉ አጎቴ በዓይኑ ከለከላቸው። አስታውሳለሁ፤ ተቀመጡ። ነጋዴውም ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሬዲዮው ሲናገር ማንም ወደ ደጅ አይወጣም ነበር። ሰው ሲወጣ ማን እንደሚያየው አይታወቅምና። ቀድሞ የሚገርመኝ አሁን ነው ያልኩት ይህ ነው፦ በሚሲዮኑ ዘመን የማይስማማህን ሰዓት ወጥተህ ታሳልፋለህ፤ በሕዝብ ስም በተወረሰው ሬዲዮ ግን መውጫ አልነበረም።

አንዳንድ ሰው፣ የውጭ አገር ሃይማኖት ድርጅት ሬዲዮ ተወርሶ የአገር ሲሆን ምን ያስከፋል ይላል። ጥያቄው የማይናቅ ነው። ስለ አገሬ የሚናገር ትልቅ ማሠራጫ ጄኔቭ ላይ ባለ ጽሕፈት ቤት እጅ ለምን ይሁን? እኔም ይህን ነገር ወጣት ሳለሁ በጭብጨባ ተከራክሬበታለሁ። ችግሩ «የአገር» የሚለው ቃል ከደርግ አፍ ሲወጣ የአንድ ጽሕፈት ቤት ማለት መሆኑ ነው። ያ ጽሕፈት ቤት ወዲያ ሆነና ሰባት ዓመት ተኩል ቆይቶ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር ሬዲዮው በበዓሉ ተሞላ። ከእኛ በላይ ባለችው በኮረም ሜዳ ሰው እየሞተ ነበር። የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም የላከው ዘገባ ጥቅምት 13 ለዓለም ታየ፤ አሁንም እኛ ከሌላው ዓለም በኋላ ስለራሳችን ሰማን። ሁለት ረሃብ፣ ሁለት መንግሥት፣ አንድ ዝምታ።

አጎቴ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ማታ ማታ ሻይ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሬዲዮውን ጋቢ ውስጥ ይዞ ሌላ ቦታ ያዞራል። የጀርመን ድምፅ ከመጋቢት 1957 ጀምሮ በአማርኛ ይናገር ነበር፤ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ በ1975 ተጨመረ፤ በ1977 ደግሞ ከበረሃ ድምፂ ወያነ ተከተለ። አጎቴ ሁሉንም ይሰማል፤ ማንንም አያምንም። «የሁሉንም ስማና መካከሉን ያዝ» ይለኝ ነበር። በ1982 ጦርነቱ በእኛ ሜዳ አለፈ፤ ቆቦና ወልድያ በኢሕአዴግ እጅ ገቡ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ማለዳ ሬዲዮ ጣቢያው መያዙ በራሱ በሬዲዮው ሲነገር አጎቴ ብዙም አልደነቀውም። መንግሥት መለወጡን ከሬዲዮ ድምፅ መለወጥ የሚያውቅ ትውልድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በፍጥነት ልለፈው፤ አንባቢ የሚያውቀው ነው። ሬዲዮ ፋና በ1987 መጣ። የሥርጭት አዋጅ በ1991፣ የተሻሻለው ደግሞ በ1999 ወጣ፤ ሁለቱም የሃይማኖት ድርጅት የሥርጭት ፈቃድ እንዳይሰጠው ይከለክሉ ስለነበር ብሥራተ ወንጌል በእነዚያ ዓመታት ቢነሣ ፈቃድ አያገኝም ነበር። በ1992 ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ተከፈተ፤ በ2000 ደግሞ ሸገር 102.1 የግል ሆኖ ጀመረ። በ90.7 ዛሚ ተብሎ የጀመረው ጣቢያ በኋላ ስሙን ለውጦ አዋሽ ሆነ። አዲስ አበቤው ጠዋት መኪናው ውስጥ ቁልፉን ሲጫን ስሙ ተለውጦ ሲያገኘው ትከሻውን ነቅንቆ ሌላ ይፈልጋል። መልካም ነው፤ ሌላ አለውና። የሬዲዮ ባለቤት መለወጥ የሚያስፈራው መርፌውን የምታዞርበት ሌላ ቦታ ሲጠፋ ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ መስሎኝ ነበር። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦ ሲመለስና አካባቢው በሕወሓት ኃይሎች ሲያዝ መብራት ጠፋ፤ ስልክም ተቋረጠ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከሮቢት የዘመድ ድምፅ የሰማሁበት ቀን ጥቂት ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ሁሉ ካበቃ በኋላ የአጎቴ ልጅ የነገረኝ ነገር ይህ ነው፦ ሰው ከየቤቱ ቆጥ ላይ አሮጌ ሬዲዮ ያወርድ ነበር። ስማርት ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ የሽማግሌ ሬዲዮ ዙሪያ ተቀምጦ ስለራሱ አገር ከሩቅ ይሰማ ነበር። ድንጋይ በወርቅ ዋጋ ተሸጠ። ከሚሰሙት አንዱ የአሜሪካ ድምፅ ነበር። እሱም በመጋቢት 2017 የዋሽንግተን መንግሥት ሠራተኞቹን በጅምላ ከሥራ ሲያሳርፍ ሥርጭቱ ተቋረጠ። ይህኛው ባለቤት ጣቢያውን ሌላ አልወሰደበትም፤ ራሱ ነው ያጠፋው።

አጎቴ ዛሬ በሕይወት የለም። ሬዲዮው ግን እኔ ጋ ነው። የቆዳው ልባስ ከኋላው ኪስ ነገር አለው፤ አጎቴ የድንጋይ መግዣ ገንዘብ ያስቀምጥበት ነበር። ባለፈው ክረምት ሳጸዳው ከውስጡ በአራት የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ድምፃችሁ ተራራውን ዞሮ ነው ወይስ በላዩ አልፎ የሚለው ነው። እሱ ጋ እንዳስቀመጥኩት ረስቼ ነበር፤ እሱ ግን ሳይጥለው ኖሯል። አራት አዲስ ድንጋይ ገዝቼ ሬዲዮውን ከፈትሁት። መርፌው አጎቴ በተወው ቦታ ላይ ነበር፤ አላዞርኩትም። ፉጨት አለ፣ ቀጥሎ ራቅ ያለ ዓረብኛ።