ሰውን እንደ ዛፍ ማየት፦ የቡላቶቪች ጉዞና የቤንች ምድር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን በቤተ ሳይዳ ያገኘውን ዕውር የፈወሰው በአንድ ጊዜ አልነበረም። ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 8 እንደጻፈው፣ ሰውየው መጀመሪያ ሲያይ የሚመላለሱት ሰዎች ዛፍ መስለው ታዩት፤ አጥርቶ ያየው ጌታ ዳግመኛ እጁን ከጫነበት በኋላ ነው። ማየት መጀመርና አጥርቶ ማየት እንደሚለያዩ ከዚህ እንማራለን። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን ታሪክ ስናነብም ይህ ልዩነት ያስፈልገናል።

በታኅሣሥ 1890 ዓ.ም. አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ ሩሲያዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ከፋ አቀና። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ቀይ መስቀል ጋር መጥቶ ስለነበር ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረከ ገና ጥቂት ወራት ማለፉ ነበር። ቡላቶቪች ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር ተቀላቅሎ፣ ያን ጊዜ ጊሚራ ይባል የነበረውን ምድር አቋርጦ እስከ ሩዶልፍ (የዛሬው ቱርካና) ሐይቅ ደረሰ። የጉዞውን መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1900 በሩሲያ አሳተመ።

ጸሐፊው ትጉህና አስተዋይ ነበር። ይሁን እንጂ ምስክርነቱን ስንመዝን የቆመበትን ስፍራ መጠየቅ ይገባናል። ሠራዊት በሚደርስበት መንደር ሰው ወይ ወደ ጫካ ይሸሻል፣ ወይ ጦር ይዞ ይወጣል፣ ወይ ሊገብር ይመጣል። ከሠራዊት ጋር የሚጓዝ ሰው ባዶ ቤቶችን፣ ተዋጊዎችንና መልእክተኞችን ያያል። የሰርጉንና የለቅሶውን ሥርዓት፣ የሽማግሌዎቹን ዳኝነት፣ ማታ በምድጃ ዙሪያ የሚነገረውን ግን በዚያ ቀን ማንም አያሳየውም።

ስሞቹም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ቡላቶቪች በጉዞው ያየውን የተራራ ሰንሰለት በንጉሡ በዳግማዊ ኒኮላስ ስም ሰየመው። ተራራው ግን በግርጌው ለሚኖሩት ከአያት ከቅድመ አያት የሚያውቁት ነበር። እኛም ኢትዮጵያውያን ብንሆን ከዚህ ነጻ አይደለንም። ራሱን ቤንች ብሎ የሚጠራውን ሕዝብ ለረጅም ዘመን ከውጭ በተሰጠው ስም ጊሚራ ስንለው ኖረናል። የቤንች ቋንቋ የቃላትን ፍቺ የሚለይባቸው አምስት ደልዳላ የድምፅ ደረጃዎች አሉት። ያልለመደ ጆሮ አንድ ቃል ሰማሁ በሚልበት ቦታ የአገሩ ሰው ልዩ ልዩ ቃላትን ይሰማል። መስማትም እንደ ማየት በከፊል ሊሆን ይችላል።

ቡላቶቪች በዚያ ዘመቻ ክፉኛ ቆስሎ ያገኘውን አንድ ሕፃን አንሥቶ አስታመመው፤ ቫስካ ብሎ በራሱ አገር ስም ጠርቶም ወደ ሩሲያ ወሰደው። ምሕረቱ እውነተኛ ነበር፤ ስሙ ደግሞ የእርሱ ዓለም እስከየት እንደነበረ ያሳያል። ከዓመታት በኋላ መኮንንነቱን ትቶ መነኰሰ፤ አንጦንዮስ ተብሎም በአቶስ ተራራ ኖረ። መልካም ሰው እንኳ ከቆመበት ስፍራ ውጭ ማየት እንደሚሳነው የእርሱ ሕይወት ይነግረናል።

ውድ አንባብያን፣ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለስብከተ ወንጌል ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ የምንመጣ ሁሉ በቅድሚያ የሚታየን ደኑና ቡናው ነው። ቡናውን አድንቀን ለቃሚውን በስሙ ሳናውቀው ዓመታት ካለፉ፣ ሰውን እንደ ዛፍ እያየን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የዚህ ዓለም እውቀታችን ከፊል መሆኑን ሲያስተምር ስለ ፍቅር በጻፈበት ምዕራፍ ውስጥ መሆኑን እናስተውል። በበዓለ ሃምሳም መንፈስ ቅዱስ ሕዝቡን ሁሉ ወደ አንድ ቋንቋ አላመጣም፤ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው እንዲሰማ አደረገ እንጂ።

ስለዚህ ስለ አንድ ሕዝብ ከመጻፋችንና ከማስተማራችን አስቀድሞ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ እንጠይቅ፤ ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር ተቀምጠን እናድምጥ፤ ቋንቋውንም እንማር። ዳግመኛ ዳስሶ የሚያጠራልን እርሱ እግዚአብሔር ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።