መግነጢስ ጊዜን ይለውጣልን?

በሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ ያደረ የእጅ ሰዓት ጠዋት ሲታይ ፈጥኖ ወይም ቆሞ ሊገኝ ይችላል። ከሚዛን ተፈሪ ወይም ከቴፒ ቡና ጭኖ ማልዶ ለሚነሳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የተለወጠው መሣሪያው እንጂ ጊዜው አይደለም።

በሚሞላ ሰዓት ውስጥ ያለው ስስ ጥቅል ሞላ መግነጢስ ሲያድርበት ዙሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሰዓቱም ይፈጥናል። ሰዓት ጠጋኝ መግነጢሱን ሲያስለቅቀው ይስተካከላል። የባትሪ ሰዓት ግን ብርቱ ማግኔት ሲጠጋው ይቆማል፤ ሲርቅለት ቢቀጥልም ያመለጠውን አያካክስም።

የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከድምፅ ማጉያ ማግኔት እጅግ የደከመ ነው። በመግነጢስ ወገብ አቅራቢያ የሚገኘው የአዲስ አበባ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ይህንኑ መስክ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሲለካ ቆይቷል።

ጉልበት ሁሉ ስበት ስላለው መግነጢሳዊ መስክም በመርህ ደረጃ ጊዜን ይነካል፤ መጠኑ ግን በምድር ላይ ካለ ማግኔት ሊለካ የሚችል አይደለም። ጊዜን በሚለካ መጠን የሚለውጡት ፍጥነትና የስበት ልዩነት ናቸው። ከቴፒ ይልቅ ከፍ ባለችው ሚዛን ተፈሪ ጊዜ በጥቂቱ ይፈጥናል፤ በየ100 ሜትሩ ከፍታ፣ በዓመት የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ሲሦ ያህል። ይህን የሚለየው የአቶሚክ ሰዓት ብቻ ነው።