የመሸጫ ጥግግት

ጎንደር ውስጥ ጠላ ቤት የሚፈልግ ሰው የንግድ ፈቃድ መዝገብ አያገላብጥም። ደጃፍ ላይ የቆመውን እንጨት፣ ጫፉ ላይ የተደፋውን ጣሳ ያያል፤ ይገባል። ጫት ቤቱንም በቅጠል ተሸፍኖ የተደረደረው ዙርባ ይናገርለታል። እነዚህን ምልክቶች በእግር እየዞሩ ቆጥሮ ካርታ ላይ ማስፈር ሱስን አስቀድሞ ለመከላከል ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች አንዱ ነው። ባለሙያዎቹ ውጤቱን በእንግሊዝኛ «አውትሌት ዴንሲቲ» ይሉታል። እኔ በአማርኛ «የመሸጫ ጥግግት» ብንለው እመርጣለሁ።

በአንድ አካባቢ አልኮል፣ ጫት ወይም ትምባሆ የሚሸጡ ቤቶች ስንት እንደሆኑና ምን ያህል እንደተቀራረቡ የሚናገር ልኬት ነው። በፊዚክስ ትምህርት የለመድነው «እፍግታ» የሚለው ቃል ለዚህ አይመቸኝም፤ ዕቃ ውስጥ የታጨቀ ነገርን ያስታውሳል። «ጥግግት» ግን ከ«ተጠጋጋ» የመጣ ስለሆነ ቤት ከቤት፣ በር ከበር መቀራረቡን ያሳያል፤ ስለ ሕዝብ አሰፋፈር ስንናገርም እንጠቀምበታለን። «መሸጫ» ያልኩትም «መጠጥ ቤት» ብል ጫቱና ሲጋራው ስለሚቀሩብኝ ነው።

ልኬቱ ቀላል ይመስላል። ቤቶቹን ቆጥሮ ለነዋሪው ቁጥር ወይም ለቦታው ስፋት ማካፈል ነው። ይሁን እንጂ አማካይ ቁጥር ብዙ ይደብቃል። ሁለት ቀበሌዎች እያንዳንዳቸው 20 መሸጫ አላቸው እንበል። በአንደኛው ቤቶቹ በየሰፈሩ ተበታትነዋል፤ በሌላው 15ቱ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ባለ መንገድ ላይ ተደርድረዋል። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱ ቀበሌዎች እኩል ናቸው፤ ለተማሪዎቹ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ስለዚህ ከብዛቱ ጋር ርቀትም ይለካል፦ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቅርቡ መሸጫ ስንት እርምጃ ነው?

ለእኛ አገር ደግሞ አንድ ነገር መጨመር አለበት። ጫት የቃመ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል፤ «ጨብሲ» የሚባለው ነው። ስለዚህ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤትና ግሮሰሪ ጎን ለጎን ሲከፈቱ አንዱ የሌላውን ደንበኛ ይቀበላል። ለብቻ የተሠራ የአልኮል ካርታ ይህን ሰንሰለት አያሳይም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪም ሆነ የቴዎድሮስ ግቢ ዙሪያ የሚቆጥር ሰው ሦስቱንም በአንድ ካርታ ላይ፣ በተለያየ ቀለም ቢያሰፍር ምን ከምን ጋር እንደሚሄድ ያያል።

ጥግግት ለምን ጉዳት ያመጣል? መሸጫ ሲበዛ ፉክክሩ ዋጋ ይጥላል፤ መንገዱ ያጥራል፤ ልጅም በየቀኑ ሲያልፍ የሚያየውን እንደ ተራ ነገር ይለምደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአልኮል ስትራቴጂ የመሸጫዎችን ብዛትና ቦታ መቆጣጠርን ከመፍትሔዎቹ መካከል አስገብቶታል። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮልም ሆነ ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አዋጁ በገዢው ዕድሜ ይገድባል፤ በአንድ መንገድ ላይ ስንት ሻጭ እንዳለ የሚነግረን ግን ቆጠራው ነው። ጥንቃቄም ያስፈልጋል፦ መሸጫ ጠጪን እንደሚያበዛ ሁሉ ጠጪ ያለበትን ሰፈርም ፈልጎ ይከፈታል። የትኛው እንደቀደመ ለማወቅ አንድ ጊዜ መቁጠር አይበቃም።

መቼ እንደሚቆጠርም ቀላል ጥያቄ አይደለም። በጥምቀት ሰሞን የተቆጠረ ጎንደር የአዘቦቱ ጎንደር አይደለም፤ በዐቢይ ጾም የተቆጠረውም እንዲሁ። ተማሪ ወደ ቤተሰቡ በሄደበት ክረምት ግቢዎቹ ዙሪያ ጭር ይላል።

ለዚህ ሥራ ጎንደር እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ ነው ያሠለጠነው። በዳባትም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት የሚመዘግብ ማዕከል አለው። ቤት ለቤት መሄድን የሚያውቅ ተቋም በእጃችን አለ ማለት ነው።

የሚያሳስበኝ ቆጠራው በማን እጅ እንደሚገባ ነው። ጠላ የምትጠምቀው ሴት ብዙውን ጊዜ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ጋን ነው። ዛሬ ቅጽ ይዞ የመጣው ሰው ነገ ከደንብ አስከባሪ ጋር ከተመለሰ ጣሳው ከእንጨቱ ይወርዳል፤ ጠላው ግን ጓዳ ውስጥ ይቀጥላል፤ ካርታውም ባዶ ሰፈር ያሳያል። ስለዚህ ቆጣሪና ቀጪ አንድ ሰው መሆን የለበትም፤ ካርታውም የባለቤቶቹን ስም መያዝ የለበትም። ካርታው ሊመልስ የሚገባው አዲስ ፈቃድ የት ቢሰጥ ልጆችን እንደሚጎዳ፣ የወጣቶች መዋያ የት ቢከፈት እንደሚጠቅም ነው። መሸጫ የበዛበትን መንገድ ሳሳ ለማድረግ ሲታሰብም ለጠማቂዋ ሌላ ገቢ በዕቅዱ ውስጥ ይግባ፤ ያለዚያ ዕቅዱ ከእሷ ቀምቶ ለማንም አይሰጥም።

ወደ ደባርቅና ዳባት ደጋ ስንወጣ ልኬቱ ራሱ ይለወጣል። በአዘቦት ቀን ሁለት ወይም ሦስት ጣሳ የሚታይበት መንደር በገበያ ቀን አረቄ በጀሪካን ይዘው በሚቀመጡ ሻጮች ይሞላል፤ እንጨትም ጣሳም የላቸውም፤ ማታ ይሄዳሉ። እዚያ የሚቆጥር ሰው ከቁጥሩ ጎን ዕለቱንና ሰዓቱን ይጻፍ።