አላፊው የከዋክብት ምስክር

በ1952 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ዊልሰን ተራራ የከዋክብት መመልከቻ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ፖል ሜሪል፣ ካረጁ ቀይ ከዋክብት ብርሃን ውስጥ ቴክኒሺየም የተባለውን ንጥረ ነገር ማግኘቱን አስታወቀ። ላይ ላዩን ሲታይ ከብዙ ግኝቶች አንዱ ይመስላል፤ ከዋክብት ውስጥ ብረት፣ ካልሲየምና ሶዲየም መኖራቸው ከታወቀ ያኔ ወደ መቶ ዓመት ተጠግቶ ነበርና። እኔ ግን የሰው ልጅ ስለ ንጥረ ነገሮች አመጣጥ ካገኛቸው ማስረጃዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ቁርጥ ያለ የለም ባይ ነኝ። ማስረጃው ይህን ያህል የጠነከረውም ቴክኒሺየም ራሱ የማይበረክት፣ አላፊ ነገር በመሆኑ ነው።

ቴክኒሺየም በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ 43ኛው ነው። ቦታው ለአሥርተ ዓመታት ባዶ ቆይቶ በ1937 ካርሎ ፔሪየርና ኤሚልዮ ሴግሬ በሲሲሊ፣ ፓሌርሞ ከተማ ውስጥ አገኙት። ያገኙትም ከምድር ቆፍረው ሳይሆን በርክሌይ ከሚገኘው ሳይክሎትሮን ከተላከላቸው፣ በቅንጣቶች ሲደበደብ ከሰነበተ የሞሊብደነም ቁራጭ ነው። የቴክኒሺየም አቶም የትኛውም ዓይነት ቢሆን ውሎ አድሮ ይፈርሳል። ዕድሜያቸው ረጅም የሚባሉት ዓይነቶቹ በአራት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ግማሻቸው ይጠፋል፤ የቴክኒሺየም-99 ግማሽ የሚጠፋው ደግሞ በ211,000 ዓመት ብቻ ነው። ምድር 4.5 ቢሊዮን ዓመት ስለሆናት ስትፈጠር የነበራት ቢኖር እንኳ ዛሬ አይገኝም፤ በዩራኒየም ማዕድን ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት መጠን ዩራኒየሙ ሲሰነጠቅ አዲስ የሚፈጠር ነው።

ሜሪል ግኝቱን ሲያስታውቅ ንጥረ ነገሮች ከየት መጡ የሚለው ክርክር ገና አልለየለትም ነበር። ጆርጅ ጋሞውና ራልፍ አልፈር በ1948 ባሳተሙት ጽሑፍ ሁሉም አጽናፈ ዓለሙ ሲጀመር በአጭር ጊዜ ተሠርተው እንዳለቁ ተከራከሩ። እንግሊዛዊው ፍሬድ ሆይል ደግሞ ከ1946 ጀምሮ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩት በከዋክብት ሆድ ውስጥ ነው ይል ነበር። በሁለቱ መካከል ለመዳኘት ኮከብ ላይ ብረት ወይም ዚርኮኒየም ማየት አይበቃም። ኮከቡ ከተወለደበት የጋዝ ደመና ወርሶት ሊሆን ይችላል፤ የማይፈርስ አቶም መቼ እንደተሠራ አይናገርም። ሞሶብ ውስጥ የተገኘ እንጀራ መቼ እንደተጋገረ ማወቅ ያስቸግራል፤ እንፋሎቱ ገና እየወጣ ከሆነ ግን አሁን ከምጣድ የወጣ ለመሆኑ ማንም አይጠራጠርም። ቴክኒሺየም ያ እንፋሎት ነው።

ሜሪል ይህን ያገኘው የማንንም ንድፈ ሐሳብ ሊያረጋግጥ ተነሥቶ አልነበረም፤ ለእኔ ሥራውን ይበልጥ የሚያስከብረው ይህ ነው። ኤስ የተባለውን የከዋክብት ክፍል በ1922 ለይቶ ካወጣ ጀምሮ 30 ዓመት ሙሉ ሲከታተላቸው ኖሯል። እነዚህ ከዋክብት ነዳጃቸውን ወደ መጨረሱ የተቃረቡ፣ ያበጡና ላያቸው የቀዘቀዘ ግዙፎች ናቸው። የላይኛው የጋዝ ልባሳቸው ሙቀት 3,000 ዲግሪ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በፀሐይ ላይ ቢሆኑ የሚበታተኑ ሞለኪውሎች እዚያ ይጸናሉ። በተለይ ዚርኮኒየም ኦክሳይድ በብርሃናቸው ላይ የሚጥላቸው ሰፋፊ ጥላዎች ከሌሎች ቀይ ከዋክብት ይለዩአቸዋል። አር አንድሮሜዳ ከእነሱ አንዱ ነው፤ በየ409 ቀኑ ገደማ ይደምቅና መልሶ ይፈዝዛል። ብርሃኑ በቴሌስኮፕ ተሰብስቦ በስፔክትሮግራፍ ሲበተን በፎቶግራፍ መስታወት ላይ ቀጭን ሰንበር ሆኖ ይቀረጻል። ከላዩና ከታቹ ቦታቸው በትክክል የሚታወቅ የጋለ ብረት መስመሮች ለማመሳከሪያ ይታተማሉ፤ የኮከቡ መስመር ሁሉ በእነሱ እየተለካ ይነበባል። ዊሊያም ሜገርስና ቦርደን ስክሪብነር የቴክኒሺየምን መስመሮች በ1950 በአሜሪካ ቤተ ሙከራ ለክተው አውጥተው ነበር። ሜሪል ያንን ይዞ ሲመረምር በ4238፣ በ4262 እና በ4297 አንግስትሮም አካባቢ የሚጠበቁት መስመሮች በየቦታቸው ተገኙ።

መስመሮቹ የሌላ ንጥረ ነገር ቢሆኑስ? ተገቢ ጥያቄ ነው። የእነዚህ ከዋክብት ስፔክትረም፣ ማለትም የተበተነው ብርሃናቸው፣ በመስመር የታጨቀ ስለሆነ አንድ መስመር በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል፤ ቴክኒሺየም በፀሐይ ላይ ታየ ተብሎ የነበረውም በኋላ አልጸናም። በኤስ ከዋክብት ላይ ግን የታየው አንድ መስመር አይደለም፤ በቤተ ሙከራ ጎልተው የሚወጡት መስመሮች አብረው ተገኝተዋል፣ ከአንድ በላይ በሆኑ ከዋክብትም ተደግመዋል። ኮከቡ ሲወለድ ይዞት መጥቶ ይሆናል የሚለውን ደግሞ ተራ ስሌት ያፈርሰዋል። አንድ ቢሊዮን ዓመት የሞላው ኮከብ ሲወለድ ከዳር እስከ ዳር ቴክኒሺየም ብቻ ነበር እንበል፤ ረጅም ዕድሜ ያለውንም ዓይነት እንስጠው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ230 ጊዜ በላይ ስለሚገመስ ዛሬ አንድ አቶም እንኳ አይተርፍለትም። አንድ ንጥረ ነገር የሁሉንም አመጣጥ አያሳይም የሚለው ተቃውሞ ግን ከፊል እውነት አለው። ሃይድሮጅንና አብዛኛው ሂሊየም በእርግጥም የጥንት ናቸው፤ በዚህ ጋሞው አልተሳሳተም። «ሁሉም ያኔ አልቋል» የሚለውን ለመሻር ግን አንድ ምሳሌ ይበቃል።

በ1957 ማርጋሬትና ጄፍሪ ቡርቢጅ ከዊሊያም ፋውለርና ከሆይል ጋር ባወጡት ታዋቂ ጽሑፍ ለሜሪል ግኝት ትልቅ ቦታ ሰጡ። ያረጀው ኮከብ ውስጥ አቶሞች ኒውትሮን አንድ በአንድ እየዋጡ ቀስ በቀስ ይከብዳሉ፤ ጥልቅ የጋዝ ፍሰትም የተሠራውን ከሆዱ አውጥቶ ወደ ላይ ያደርሰዋል። የሚከብደው ተቃውሞ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ዚርኮኒየም የበዛባቸው ሆነው ቴክኒሺየም ፈጽሞ የሌላቸው ኤስ ከዋክብት ተገኙ። እነዚህ ጥንድ ከዋክብት ሆነው ተገኙ። ጓደኛቸው ቀድሞ አርጅቶ የሠራውን አራግፎባቸው ዛሬ ወደ ነጭ ድንክነት ተለውጧል፤ የተሰጣቸው ዚርኮኒየም ሲቀር ቴክኒሺየሙ በመንገድ ፈርሶ አልቋል። የሌላውን የተቀበለውንና ራሱ የሚሠራውን የለየው ያው አላፊነቱ ነው። በ2015 የብራስልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ሌላውን አላፊ፣ ዚርኮኒየም-93ን ወሰዱ። እሱ በ1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ግማሹ ወደ ኒዮቢየም ይለወጣል፤ ከሁለቱ መጠን ተነሥተው ከባድ አቶሞቹን የማምረቱ ሥራ ራሳቸው በሚሠሩት ኤስ ከዋክብት ውስጥ ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው አሉ።